የፒኖቼ ስም ስላልተጠራ አልበሙ ፈሪ አይባልም

ሰሞኑን ስለ ቺሊው የሮክ ባንድ ስለ ሎስ ፕሪሲዮኔሮስ የተጻፈ አንድ ጽሑፍ አነበብኩ። ስለዚህ ባንድ በአማርኛ የሚጽፍ ሰው መገኘቱ ራሱ ደስ ይላል። ጽሑፉ የሚያወራው በ1986 ስለወጣው ሁለተኛ አልበማቸው ነው። አልበሙ «ፓቴያንዶ ፒየድራስ» ይባላል፤ ድንጋይ እየጠለዙ እንደ ማለት ነው። (እዚህ የምጠቅሳቸው ቀኖች፣ ወሮችና ዓመታት በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።) ጸሐፊው ሙዚቃ እንደሚወዱ ያስታውቃል። ፍርዳቸው ግን ከባድ ነው። አልበሙ ያለ አግባብ የተካበ ነው ባይ ናቸው።

የሚያነሷቸው ነጥቦች እነዚህ ናቸው። በአልበሙ ውስጥ የአምባገነኑ የአውጉስቶ ፒኖቼ ስም አንድም ቦታ አልተጠራም፤ ስለዚህ ተቃውሞው የፈሪ ነው። ያሳተመው ኢኤምአይ የተባለው ትልቅ የውጭ ኩባንያ ነው፤ አገዛዙም አልከለከለውም፤ ስለዚህ ማንንም አላስፈራም። ግጥሙ ደረቅ ነው፤ ሰምና ወርቅ የለውም። ድምፁ ከእንግሊዝ የተቀዳ ነው። ዛሬ ያለው ክብር በ2019 ሰልፍ የተለጠፈለት ነው። ታዋቂው ዘፈን የሰነፍ ተማሪ እሮሮ ነው። በመጨረሻም ዴሞክራሲ ሲመጣ ባንዱ የሚለው አጥቶ ፈረሰ።

በአብዛኛው አልስማማም። አንዳንዱ ደግሞ አናዶኛል፤ አልደብቅም። በጣም ካናደደኝ ልጀምር።

የሰነፍ ተማሪ እሮሮ የተባለው «ኤል ባይሌ ዴ ሎስ ኬ ሶብራን» ነው፤ የትርፍ ሰዎች ጭፈራ። ታሪኩ ቀላል ነው። ትምህርት የጨረሱ የሰፈር ልጆች አሉ። ወር ይመጣል፣ ወር ይሄዳል፤ አዲስ ነገር የለም። ማታ ማታ ዝም ብለው በእግራቸው ይዞራሉ። ልጅ ሳሉ ተማሩ ተብለው ነበር። ሰው ሁሉ ወንድማማች ነው፣ ተባብሮም ይሠራል ተብለው ነበር። ዓይናቸውን አስተማሪያቸው ላይ ተክለው ሰሙ። ዘፈኑ ስለ 12 ጨዋታዎች ያወራል፤ በቺሊ አንደኛና ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ተደምሮ 12 ዓመት ነው። ጨዋታው ሲያልቅ ሽልማቱም የወደፊቱ ሕይወትም ለሌሎች ሆነ። ለእነዚህኞቹ የደረሳቸው መንገድ ላይ ድንጋይ መጠለዝ ነው። 12ኛ ክፍል ጨርሶ ሥራ አጥቶ የተቀመጠ ልጅ የሚያውቅ የእኛ አንባቢ ይህን ለመረዳት ማብራሪያ አይፈልግም።

ጸሐፊው ያለፉት አንድ ቦታ አለ። ዘፈኑ አልተማርንም አይልም። እንዲያውም ተምረናል ነው የሚለው። ትጋት ጠየቁን፣ ተጋን። ጥረት ጠየቁን፣ ጣርን። ለሌሎች ግን እኛ ያልተነገረን ምስጢር ተነገራቸው ይላል። እውነተኛው ትምህርት የተሰጠው ለእነሱ ነው ይላል። ይህ የሰነፍ ቃል አይደለም። የተባለውን ሁሉ አድርጎ የተካደ ሰው ቃል ነው።

ክህደቱ ደግሞ የዘፋኙ ስሜት ብቻ አይደለም፤ በሕግ የተሠራ ነበር። የፒኖቼ መንግሥት በ1980 እና 1981 የአገሪቱን ትምህርት ከሥሩ ቀየረው። የመንግሥት ትምህርት ቤቶች ከማዕከላዊው ሚኒስቴር ወጥተው ለማዘጋጃ ቤቶች ተሰጡ። ሀብታም ማዘጋጃ ቤት ጥሩ ትምህርት ቤት ይኖረዋል፤ የድሃ ሰፈር ማዘጋጃ ቤት ደግሞ ባለው ይውጣው ማለት ነው። መንግሥት በተማሪ ቁጥር ልክ ድጎማ መክፈል ጀመረ፤ ድጎማውን የግል ትምህርት ቤትም ይወስዳል። የሀብታም ልጆች ሙሉ ክፍያ ወደሚከፈልባቸው ትምህርት ቤቶች ሄዱ። ዩኒቨርሲቲም ክፍያ ገባበት። የባንዱ ልጆች ሆርሄ ጎንሳሌስ፣ ክላውዲዮ ናሬያና ሚጌል ታፒያ የተገናኙት በ1979 ነው፤ ከሳንቲያጎ በስተደቡብ ባለው በሳን ሚጌል፣ በመንግሥት ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ውስጥ። ለውጡ ሲመጣ ክፍል ውስጥ ነበሩ። ስለሌላ ሰው ሕይወት አልነበረም የዘፈኑት።

ከዚያ የ1982 ቀውስ መጣ። በአንድ ዓመት ውስጥ የአገሪቱ ምርት ወደ 14 በመቶ ወደቀ። ሥራ አጥነት ከ20 በመቶ በላይ ሆነ። ይህ አኃዝ ደግሞ መንግሥት ለጊዜው ያስገባቸውን አያካትትም። ፔምና ፖህ የሚባሉ ሁለት የአስቸኳይ ጊዜ የሥራ ፕሮግራሞች ነበሩ፤ ሰው መንገድ እየጠረገ፣ ጉድጓድ እየቆፈረ ከዝቅተኛው ደመወዝ በታች ይከፈለው ነበር። እነዚህ ሲደመሩ ከሠራተኛው ወደ ሲሶ የሚጠጋው እውነተኛ ሥራ አልነበረውም። እንግዲህ በዚህ ጊዜ ሥራ ያጣን የ20 ዓመት ልጅ ሰነፍ ማለት ይከብደኛል። አገሪቱን በሙሉ ሰነፍ ማለት ነውና።

አሁን ወደ ፒኖቼ ስም ልምጣ። ጸሐፊው ይህን እንደ ዋና ማስረጃቸው ይዘውታል። ስሙ አልተጠራም፣ ስለዚህ ፈርተዋል። እኔ የማስበው በተቃራኒው ነው። ሰውየውን መሳደብ ቀላሉ ነገር ነበር። በ1983 ግንቦት የመዳብ ሠራተኞች ማኅበር የጠራው ብሔራዊ የተቃውሞ ቀን ከተጀመረ ወዲህ በሳንቲያጎ የድሃ ሰፈሮች ስሙ በየማታው ይሰደብ ነበር። ሰው ድስትና መጥበሻ እየደበደበ ይውረድ ይል ነበር። ስሙን ለማወቅ ማንም ዘፈን አልፈለገም። ያልተባለው ነገር ሌላ ነበር። ሰውየው የዘረጋው ሥርዓት ምንድን ነው? በየቤቱ የገባው በየት በኩል ነው? አልበሙ ይህን ነው የጠየቀው።

«ሙዌባን ላስ ኢንዱስትሪያስ»ን እንውሰድ። ፋብሪካዎቹን አንቀሳቅሱ የሚል ዘፈን ነው። በብረት ምት ይጀምራል፤ መሣሪያው የማሽን ድምፅ ያወጣል። ግጥሙ ግን ማሽኖቹ ቆመዋል ይላል። ችግር ሲመጣ ሠራተኞቹ ተባረሩ፤ ሁለተኛ እንዳትመጡ ተባሉ። እነሱ ግን የትም አልሄዱም። ከተማዋ ውስጥ ተደብቀው ይዞራሉ። ዘፈኑ ውስጥ ወታደር የለም፣ ጄኔራል የለም። የተዘጋ ፋብሪካና ከሥራ የተባረረ ሰው ብቻ ነው ያለው።

ሳን ሚጌልን የሚያውቅ ሰው ይህ ዘፈን ከየት እንደመጣ ወዲያው ይገባዋል። ሰፈሩ የፋብሪካ ሰፈር ነበር። የመዳብ ሽቦና ቧንቧ የሚሠራው ማዴኮ እዚያ ነበር። ምድጃና ማቀዝቀዣ የሚሠራው ማዴምሳ እዚያ ነበር። የሰፈሩ ልጅ አባቱ ወይም የጎረቤቱ አባት ፋብሪካ ነው የሚሠራው። ፒኖቼን ሥልጣን ላይ ያወጣው መፈንቅለ መንግሥት በ1973 ሲካሄድ ቺሊ ከውጭ በሚገባ ዕቃ ላይ የምትጥለው ቀረጥ በአማካይ ከ90 በመቶ በላይ ነበር። በቺካጎ ዩኒቨርሲቲ የተማሩት የፒኖቼ ኢኮኖሚስቶች በ1979 ወደ አንድ ወጥ 10 በመቶ አወረዱት። በዚያው ዓመት ዶላሩን በ39 ፔሶ ላይ ቸነከሩት። ከውጭ የሚመጣው ዕቃ ረከሰ። የአገር ውስጥ ፋብሪካ መወዳደር አቃተው። በ1982 ፔሶው ሲወድቅ ደግሞ በዶላር የተበደረው ሁሉ አብሮ ወደቀ። «ሙዌባን ላስ ኢንዱስትሪያስ» ይህን ሁሉ አያብራራም፤ ዘፈን ነው። ውጤቱን ግን አስቀምጦታል። የጄኔራሉን ስም ብቻ የሚጠራ ዘፈን ይህን ማድረግ አይችልም ነበር።

ሌሎቹም ዘፈኖች በዚሁ መንገድ ነው የሚሄዱት። «ፖር ኬ ሎስ ሪኮስ» ሀብታሞች እንዲህ ተመችቷቸው የሚኖሩት በምን መብት ነው ብሎ ይጠይቃል፤ ከድሃው የተሻለ ጭንቅላት የላቸውም ይላል። «ኪየሬን ዲኔሮ» ሁሉም የሚሮጠው ለገንዘብ እንደሆነ ይናገራል። በዚያን ጊዜ ቺሊ ውስጥ ገንዘብ ማግበስበስ ነውር መሆኑ ቀርቶ ጀግንነት ሆኖ ነበር። ጋዜጣው፣ ቴሌቪዥኑ፣ ሚኒስትሩ ይህንኑ ይሰብኩ ነበር። እነዚህ ልጆች ወታደሩን ትተው ስብከቱን መቱት። እኔ ይህን ፍርሃት ልለው አልችልም።

አልበሙ እንከን የለውም አልልም። ሁለት ሦስቱ ዘፈኖች ከሌሎቹ ያንሳሉ። ጸሐፊው በዚህ ላይ ቢጽፉ ኖሮ ብዙ እንስማማ ነበር።

ስለ ድፍረት ካነሳን ቀኑን ማየት ያስፈልጋል። ጽሑፉ አልበሙ በ1986 ወጣ ብሎ ያልፈዋል። ያ ዓመት ግን እንዲያው የሚታለፍ ዓመት አይደለም። ሐምሌ 2 ቀን 1986 በሳንቲያጎ በተካሄደ የሥራ ማቆም አድማ ላይ ወታደሮች ሁለት ወጣቶችን ያዙ። ነዳጅ አርከፍክፈው አቃጠሏቸው። የ19 ዓመቱ ፎቶግራፍ አንሺ ሮድሪጎ ሮሃስ ከአራት ቀን በኋላ ሞተ። የ18 ዓመቷ ካርመን ግሎሪያ ኪንታና ከከባድ ቃጠሎ ተርፋለች። መስከረም 7 ቀን ከከተማው ውጪ በፒኖቼ አጀብ ላይ ጥቃት ተፈጸመ። አምስት ጠባቂዎቹ ሞቱ፣ እሱ ተረፈ። ወዲያው የከበባ ሁኔታ የሚባለው ከባድ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ። በዚያው ሌሊት ሰዎች ከቤታቸው እየተወሰዱ ተገደሉ፤ ጋዜጠኛው ሆሴ ካራስኮ አንዱ ነው። አልበሙ የወጣው መስከረም 15 ነው። ከጥቃቱ ስምንት ቀን በኋላ ማለት ነው።

የመጀመሪያው አልበማቸውም እንዲሁ ነበር። «ላ ቦስ ዴ ሎስ ኦቼንታ» በታኅሣሥ 1984 ሲወጣ አገሪቱ በከበባ ሁኔታ ውስጥ ነበረች። የተቃዋሚ መጽሔቶች በኅዳር ታግደው ነበር። ሰዓት እላፊ ነበር። ሰዓት እላፊ ምን ማለት እንደሆነ በደርግ ጊዜ አዲስ አበባ የኖረ ሰው ያውቀዋል፤ ሙዚቃ የሚሠራ ሰው ደግሞ ከሁሉም በላይ ያውቀዋል። ማታ ከሌለ መድረክ የለም። መድረክ ከሌለ ባንድ የለም። እነዚህ ልጆች ሁለት ጊዜ እንዲህ ባለ ወቅት ሁለት አልበም አወጡ።

ኢኤምአይን በተመለከተ ጸሐፊው የሚሉት ግማሹ እውነት ነው። አዎ፣ አልበሙን ያወጣው ትልቅ የውጭ ኩባንያ ነው። ግን እንዴት እዚያ ደረሱ? የመጀመሪያውን አልበም ያወጣው ፉሲዮን የሚባል ትንሽ አሳታሚ ነው። የመጀመሪያው እትም 1000 ካሴት ብቻ ነበር። ካሴቱ ከእጅ ወደ እጅ ተገለበጠ። ልጆች ከልጆች ቀዱት። ኢኤምአይ የመጣው በ1985 ነው፤ ሰው አስቀድሞ ከሰማው በኋላ። ኩባንያው ያየው ገበያ ነው፤ እነሱም ያዩት ካሴታቸው ከሳንቲያጎ ወጥቶ ደቡብና ሰሜን መድረስ መቻሉን ነው። ከትልቅ ኩባንያ ጋር መፈራረም በራሱ ኃጢአት ከሆነ በዓለም ላይ የሚቀር የተቃውሞ አልበም ጥቂት ነው።

አገዛዙ አልከለከለውም የሚለው ግን ልክ አይደለም። ጸሐፊው ክልከላ ሲሉ ማኅተም ያለበት ደብዳቤ የሚጠብቁ ይመስላሉ። በ1973 እንዲያ ነበር። ከመፈንቅለ መንግሥቱ በኋላ ዘፋኙ ቪክቶር ሃራ ኢስታዲዮ ቺሌ በሚባለው የቤት ውስጥ ስታዲየም ታስሮ፣ ተደብድቦ ተገደለ። ኢንቲ ኢሊማኒና ኪላፓዩን የተባሉት የሙዚቃ ቡድኖች መፈንቅለ መንግሥቱ ውጭ አገር ሳሉ ስለደረሰባቸው አገራቸው መግባት አልቻሉም። በሰማንያዎቹ ግን አገዛዙ ሌላ መንገድ ተምሮ ነበር። ደብዳቤ አይጽፍም። ቴሌቪዥን ይዘጋል። አዳራሽ ይከለክላል። ማስታወቂያ ያሳጣል። በ1985 ሎስ ፕሪሲዮኔሮስ ቴሌቶን በሚባለው ትልቅ የእርዳታ ማሰባሰቢያ ዝግጅት ላይ ሲጫወቱ የመንግሥቱ ቴሌቪዥን ሥርጭቱን አቋረጠው። ሌላው ቻናል ያሳያቸው ነበር፤ የመንግሥቱ ግን አላሳየም። ከዚያ በኋላም የመንግሥት ቴሌቪዥን በር ለእነሱ ዝግ ነበር።

1988 ደግሞ አለ። ፒኖቼ ለተጨማሪ ስምንት ዓመት ይቀጥል ወይስ አይቀጥል ተብሎ ሕዝበ ውሳኔ ተጠራ። ልጆቹ ሦስተኛ አልበማቸውን ይዘው አገሪቱን ለመዞር ተዘጋጅተው ነበር። ጋዜጠኞች ጠርተው አይቀጥልም ብለን እንመርጣለን አሉ። ከዚያ በኋላ ኮንሰርቶቹ አንድ በአንድ ተሰረዙ። አዳራሽ የሰጣቸው ከለከላቸው፤ ፈቃድ የሰጣቸው ነጠቃቸው። ጸሐፊው በስም መጥራት የድፍረት መለኪያ ነው ካሉ ይኸው፤ በአደባባይ፣ ካሜራ ፊት፣ የገቢያቸውን ምንጭ እያጡ ተናግረዋል። ጥቅምት 5 ቀን 1988 አይቀጥልም ያለው ወገን በ56 በመቶ ገደማ አሸነፈ። ያሸነፈው ሕዝቡ ነው፤ ለባንዱ አልሰጠውም። ግን ባንዱ የትኛው ወገን እንደነበር ማንም አይጠራጠርም ነበር።

ስለ ግጥሙ ደረቅነት በደንብ ማውራት እፈልጋለሁ። እዚህ ላይ ጸሐፊው ሁለት ነገር አንድ ላይ ይላሉ። በአንድ በኩል ስሙን ስላልጠሩ ፈሪ ናቸው። በሌላ በኩል በቅኔ ስላልሸፈኑት ጥበብ የላቸውም። ሁለቱም አንድ ላይ ሊሆኑ አይችሉም። ግን ጥያቄው ጥሩ ነው፤ በተለይ ለእኛ። እኛ ሰምና ወርቅ የምንወድ ሰዎች ነን። ክፉ ዘመን ሲመጣ ዘፋኙ ሰሙን ለሹሙ፣ ወርቁን ለሕዝቡ ይሰጣል ብለን እናምናለን። ቺሊ ውስጥም እንዲህ ያለ ሙዚቃ ነበር። ካንቶ ኑዌቮ ይባላል፤ አዲሱ ዜማ። በሰባዎቹ መጨረሻ በዩኒቨርሲቲዎችና በትንንሽ የሙዚቃ ቤቶች ተነሳ። ጊታር፣ ለስለስ ያለ ድምፅ፣ ስለ ወፍና ስለ ክረምት የሚያወራ ግጥም። ወፏ ነፃነት ናት፣ ክረምቱ አገዛዙ ነው። ያ ሙዚቃ ክብር ይገባዋል። ሁሉም ነገር በታፈነበት ጊዜ ትንፋሽ ሰጥቷል። እዚህ ላይ ከጸሐፊው ጋር ነኝ።

የሳን ሚጌል ልጆች ግን ያንን ሙዚቃ ከውጭ ነበር የሚያዩት። በመጀመሪያው አልበማቸው «ኑንካ ኬዳስ ማል ኮን ናዲዬ» የሚል ዘፈን አለ፤ ማንንም አታስቀይምም የሚል መልእክት አለው። ተቃዋሚ ነኝ እያለ ሁሉንም ለማስደሰት የሚዘፍነውን አርቲስት ይወቅሳል። ጸሐፊው ይህን እንደ ስድብ ወስደው እውነተኛ ታጋዮችን አዋረዱ ይላሉ። ዘፈኑ ጨካኝ መሆኑን አልክድም። ያነሳው ጥያቄ ግን ትክክል ነው። ወርቁን የሚፈታው ማን ነው? ግጥሙን ተምሮ የሚያውቀው፣ ዩኒቨርሲቲ የገባው፣ ቡና ቤት ተቀምጦ የሚያዳምጠው ነው። ፔም ውስጥ መንገድ የሚጠርገው ሰው ለማን እየተዘፈነለት እንደሆነ አያውቅም። እነዚህ ልጆች ዩኒቨርሲቲውን ትተው ለጠራጊው ልጅ ዘፈኑ። እሱ በሚያወራበት ቋንቋ ዘፈኑ። ትምህርት ጨረስኩ፣ ሥራ የለም፣ ፋብሪካው ተዘጋ፣ ሀብታሙ ተመችቶታል። ሌላ ፍቺ የለውም። አንዴ የሰማው በልቡ ይይዘዋል።

ደረቅ ግጥም መጻፍ ቀላል ይመስላል እንጂ አይደለም። የትርፍ ሰዎች ጭፈራን ስሙ። አንዲት የተወሳሰበች ቃል የለችበትም። ግን የተባሉትን፣ ያደረጉትን፣ የደረሰባቸውን በአምስት ደቂቃ ገደማ ውስጥ በቅደም ተከተል ያስቀምጣል። ከዚያ ወደ ጭፈራው ተቀላቀሉ ብሎ ይጠራል። ማንም ከልቡ ሊረዳን አልፈለገም፣ እንግዲያው አብረን እንጨፍር። ሐዘኑ ወደ ጭፈራ የሚዞርበት ያ ቦታ ሁልጊዜ ይነካኛል። ለዚህ ነው ሰው ብቻውን ሲሰማው የሚያለቅስበትና መቶ ሰው ሲሰበሰብ የሚጮህበት ዘፈን የሆነው።

ከእንግሊዝ የተቀዳ ስለሚለው ብዙ አልልም። አዎ፣ የመጀመሪያው አልበም የእንግሊዙን ባንድ ክላሽን የሰማ ሰው ሥራ ነው። አዎ፣ ሁለተኛው ሌላውን የእንግሊዝ ባንድ ዴፔሽ ሞድን የሰማ ሰው ሥራ ነው፤ ጊታሩ ቀንሶ ሲንተሳይዘርና የከበሮ ማሽን ገብቷል። ይህን ራሳቸውም ደብቀው አያውቁም። ግን የእንግሊዝ ባንድ ስለ ሳን ሚጌል አይዘፍንም። ደግሞም እዚሁ አልበም ላይ የውጭውን እያመለኩ የራሳቸውን አገር የሚንቁትን «ፖር ኬ ኖ ሴ ባን» ብለው፣ ለምን አትሄዱም ብለው የሚሸነቁጡት ራሳቸው ናቸው። የማሽን ድምፅ ያለው መሣሪያ ደግሞ ለፋብሪካ ሰፈር ልጅ ባዕድ አይደለም። ከበሮውን ማሽን ይምታው እንጂ የጠፋው የአባቱ ማሽን ነው።

ሌላው ነጥብ 2019 ነው። ጸሐፊው አልበሙ በጊዜው ተራ የፖፕ ካሴት ነበር፤ ሰልፈኞች ናቸው ከ30 ዓመት በኋላ ትርጉም የሰጡት ይላሉ። ይህ ከተጻፉት ሁሉ በቀላሉ የሚፈርስ ነው። አልበሙ በወጣበት ዓመት መጨረሻ አካባቢ ባንዱ ያቀረበው ኢስታዲዮ ቺሌ ውስጥ ነው። ቪክቶር ሃራ በተገደለበት ስታዲየም። ዛሬ ስታዲየሙ በስሙ ይጠራል፤ ያኔ ግን አይጠራም ነበር። በሺዎች የሚቆጠር ወጣት እዚያ ገብቶ ትርፍ ነን ብሎ ሲዘፍን የት እንደቆመ አያውቅም ነበር ብሎ ማሰብ ይከብዳል። ትርጉሙ የመጣው ያኔ ነው።

ከዚያ ወዲህም ዘፈኑ ተኝቶ አያውቅም። በ2011 የቺሊ ተማሪዎች ነፃ ትምህርት ብለው ለወራት መንገድ ሲወጡ ዘፈኑ አብሯቸው ነበር። የሚቃወሙት በ1981 የተተከለውን ያንኑ የትምህርት ሥርዓት ነበር። በጥቅምት 2019 የሳንቲያጎ ሜትሮ ዋጋ 30 ፔሶ ጨመረ። ተማሪዎች ሳይከፍሉ እየዘለሉ ገቡ። አመፁ አገር አዳረሰ። መንግሥት ወታደር አወጣ፣ ሰዓት እላፊ አወጀ። ሰው ከቤቱ መውጣት ሲከለከል በየመስኮቱ ቆሞ የትርፍ ሰዎች ጭፈራን ዘፈነ። ጥቅምት 25 ቀን ከአንድ ሚሊዮን በላይ ሰው ሳንቲያጎ አደባባይ ሲወጣ ያው ዘፈን ነበር። በኋላ ኮሎምቢያ ውስጥም ሰልፈኞች ዘፍነውታል።

ይህ ትርጉም መለጠፍ አይደለም። ፒኖቼ ሥልጣን የለቀቀው በ1990 ነው። የምድር ጦሩ አዛዥ ሆኖ ግን እስከ 1998 ቆየ። የ1980 ሕገ መንግሥቱም ማሻሻያ እየተደረገለት ቀጠለ። ትምህርት ቤቱ፣ ጡረታው፣ ውኃው በዚያው ሥርዓት ቆየ። ሰልፈኞቹ ጉዳዩ የ30 ፔሶ ሳይሆን የ30 ዓመት ነው ያሉት ለዚህ ነው። ዘፈኑ ስም ጠርቶ ቢሆን ኖሮ ከስሙ ጋር ይቀበር ነበር። የነካው ሥርዓቱን ስለሆነ ሥርዓቱ እስካለ ድረስ ይዘፈናል። ሆርሄ ጎንሳሌስ ራሱ በዚያን ጊዜ አልኮራም። አሁንም መዘፈኑ ያሳዝነኛል፤ ያኔ የተሠራው በሰዓት እላፊና በተኩስ መሃል ነበር፣ ዛሬም የሚዘፈነው በዚያው ነው የሚል ስሜት ነው የተናገረው። ሰውየው በ2015 ስትሮክ ታሞ በ2017 መጀመሪያ ከመድረክ ተሰናብቷል። ዝና ፍለጋ አይደለም።

የመጨረሻው ነጥብ፣ ዴሞክራሲ ሲመጣ የሚሉት አልቆባቸው ፈረሱ የሚለው ነው። ባንዱ በዘጠናዎቹ መጀመሪያ መበተኑ እውነት ነው። ምክንያቱ ግን በመካከላቸው የነበረ የግል ጠብ ነው፤ ናሬያ የወጣው በዚያ ነው። የሚናገሩት ነገር ማለቁ አይደለም። ማስረጃው ደግሞ ይኸው አልበም ላይ አለ። በ2001 እንደገና ተሰብስበው የአገሪቱን ትልቁን ስታዲየም ኢስታዲዮ ናሲዮናልን ሁለት ቀን ሞሉ። ከዚያ በኋላ ቴሌቶን ላይ ተጋበዙ፤ በ1985 የተቆረጡበት ያው ዝግጅት። ዝግጅቱ ትልልቅ ኩባንያዎች ገንዘብ እየሰጡ ስማቸውን የሚያስነሱበት ነው። ሎስ ፕሪሲዮኔሮስ ከ«ፓቴያንዶ ፒየድራስ» ውስጥ «ኪየሬን ዲኔሮ»ን መረጡ። ገንዘብ ይፈልጋሉ የሚለውን ማለት ነው። ሆርሄ ጎንሳሌስ በቀጥታ ሥርጭት ስለ ሀብታሞችና ስለ ፖለቲከኞች የራሱን ቃላት እየጨመረበት ዘፈነው። አገሩ በዴሞክራሲ ላይ ነበር፣ ፒኖቼም ሥልጣን ላይ አልነበረም። የሚቀጥሉት ቀናት ግን በዚያ ዘፈን ክርክር አለፉ።